የቤት ኮምፒዩተርና የታመነ ድምፅ

(በማኅበሩ አባላት ፊት የቀረበ ንግግር)



አንድ ቤተሰብ ኮምፒዩተር ለመግዛት ሲነሣ ስለ ስክሪኑ ስፋት፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ መያዝ ችሎታው ብዙ ይጠይቃል፤ ዋጋ ያወዳድራል፤ ዐዋቂ ያማክራል። ስለ ድምፁ ግን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ስፒከር በመጨረሻ፣ ከኪስ በተረፈው ገንዘብ፣ ባለሱቁ «ይኸም ይጨመርልዎት» ብሎ የሚያቀርበው ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። ከዚህም የተነሣ ዓይን ጥርት ያለ ሥዕል በሚያይበት ጠረጴዛ ላይ፣ ጆሮ መዳፍ ከምታክል የፕላስቲክ ሣጥን የሚወጣውን እንዲቀበል ይገደዳል።

ጉዳዩ ለብዙ ሰው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ በብዙ ቤት ኮምፒዩተሩ የሬዲዮኑን፣ የካሴት ማጫወቻውንና የሸክላ ማጫወቻውን ሥራ ጠቅልሎ ይዟል። ልጆች ትምህርት የሚያዳምጡበት፣ በባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ጋር የሚነጋገሩበት፣ የወላጆች ድምፅ ከአሮጌ ካሴት የሚገለበጥበት መሣሪያ ይኸው ነው። ስለሆነም ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያያዘው ስፒከር የመዝናኛ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሰው ስለ ሰማው ነገር ፍርድ የሚሰጥበት መለኪያ ነው። መለኪያው ከዋሸ ደግሞ ፍርዱ ሊቃና አይችልም።

የዚህ ንግግር ዋና አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ የታመነ ድምፅ በገንዘብ ብቻ አይገዛም። ከዋጋው ይልቅ የስፒከሩ አቀማመጥ፣ የክፍሉ አያያዝና የኤሌክትሪኩ አገናኘት ይወስኑታል። ይህም በቅደም ተከተል ይብራራል።

ሀ. ኮምፒዩተር ድምፅን እንዴት እንዳገኘ

የመጀመሪያዎቹ የቤት ኮምፒዩተሮች ስለ ድምፅ ብዙም የተጨነቁ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው አፕል ቱም ሆነ በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ አንዳንድ ትንሽ ስፒከር ብቻ ነበራቸው። ይህችም ስፒከር የምታውቀው ሁለት ሁኔታዎችን፣ ማለትም መግፋትንና መልቀቅን ብቻ ስለ ነበረ፣ ዋና አገልግሎቷ ተጠቃሚውን በጩኸት ማስጠንቀቅ ነበር። የተቀዳ የሰው ድምፅንና ሙዚቃን በደህና ሁኔታ ማሰማት ወደ ተራው ቤት በስፋት የገባው፣ የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ቴክኖሎጂ ኩባንያ በ1989 ሳውንድ ብላስተር የተባለውን ካርድ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ነው።

በዚያው ዘመን የድምፅ ዲጂታል መለኪያ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ፣ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ናሙና እየወሰደ እያንዳንዱን ናሙና በ16 ቢት ይመዘግባል። የሰው ጆሮ በወጣትነት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል። አንድን ሞገድ በታማኝነት ለመመዝገብ ደግሞ ናሙናው ከሞገዱ ድግግሞሽ ቢያንስ ከእጥፍ በላይ መሆን ስላለበት፣ 44,100 የተባለው ቁጥር የጆሮን ወሰን ይሸፍናል። 16 ቢቱም በጸጥታውና በጩኸቱ መካከል ወደ 96 ዴሲቤል የሚደርስ ርቀት ይሰጣል።

ዛሬ ይህንን መለኪያ ለማስተናገድ ርካሽ የሚባለው ኮምፒዩተር እንኳ አያንስም። ስለዚህ የድምፁ ሰንሰለት የሚላላው አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒዩተሩ ስሌት ላይ ሳይሆን ከዚያ ወደ ውጭ ባለው መንገድ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን መታወስ አለበት፤ ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ሲይዝ፣ በብዛት የሚሰራጨው የተጨመቀ ፋይል አንዳንድ ጊዜ 128 ኪሎቢት ብቻ ይይዛል። በጭመቃ የጠፋውን የትኛውም ስፒከር ሊመልሰው አይችልም። ስለሆነም ስፒከር ከመለወጥ በፊት የሚሰማው ፋይል ራሱ ደህና መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ለ. የስፒከር ጠባይ

ዛሬ በብዙ ቤት የሚገኘው ስፒከር መሠረቱ ወደ አንድ መቶ ዓመት ይጠጋል። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲሶች የነበሩት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1925 ባቀረቡት ጥናት፣ በማግኔት መስክ ውስጥ የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅል ከወረቀት የተሠራ ሾጣጣ ገፍቶ አየሩን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ አሳዩ። ዕቃው ከዚያ ወዲህ በብዙ ተሻሽሏል፤ መሠረታዊው ሕግ ግን አልተለወጠም።

ሕጉም ይህ ነው፤ የድምፁ ኃይል ሳይቀንስ ድግግሞሹ በግማሽ ዝቅ እንዲል ከተፈለገ የሾጣጣው ምልልስ አራት እጥፍ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ የ5 ሳንቲሜትር ሾጣጣ ያላት ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ በደህና ብታሰማም ወፍራሙን ለማሰማት የሚበቃ አየር መግፋት አትችልም። ማስታወቂያው ምንም ቢል ይህንን የፊዚክስ ሕግ ሊሽረው አይችልም።

በገናን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የበገና አሥር አውታሮች ዝቅተኛና ወፍራም ድምፅ አላቸው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው እንዝራ የተባለው ቁራጭ ቆዳ ደግሞ ያንን የታወቀ ንዝረት እየፈጠረ ድምፁን እስከ ከፍተኛው ድግግሞሽ ድረስ ያለብሰዋል። በትንሿ ስፒከር የሚወጣው ንዝረቱ ብቻ ሲሆን መሠረቱ ይቀራል። የሰው አእምሮ ከቀሩት ተደራራቢ ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ስለሚገምት፣ አድማጩ በገና መሆኑን ያውቃል፤ ደረትን የሚነካውን ክብደት ግን አያገኝም። የሚሰማው የበገናን ጥላ ነው።

በሌላ በኩል የስፒከሩ ሣጥን ራሱ እየተንቀጠቀጠ የራሱን ቃና የሚጨምር ከሆነ ሁሉም ሙዚቃ አንድ ዓይነት ይሆናል። ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ ሁሉ «እንብላው እንብላው» ነው እንደሚባለው ማለት ነው። ስለዚህ ሲመረጥ ሣጥኑ ጠንካራ፣ ሲንኳኳ የማያስተጋባ፣ ከ10 እስከ 13 ሳንቲሜትር የሚሆን ዉፈርና ለቀጭኑ ድምፅ የተለየ ትዊተር ያለው ጥንድ ስፒከር ለአንድ የሥራ ጠረጴዛ በቂ ነው። ገንዘብ ለሚያጥረው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በብዙ ቤት ጥግ የተቀመጠው አሮጌ ስቴሪዮ አምፕሊፋየሩና ስፒከሮቹ ደህና ከሆኑ፣ በጀርባው ባለው የውጭ መሣሪያ መቀበያ በአንድ ቀላል ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ከአዲሱ የፕላስቲክ ሣጥን የተሻለ ድምፅ የሚሰጥበትም ጊዜ ብዙ ነው።

ሐ. በካርቶን ላይ ስለሚጻፈው ዋት

በገበያ ላይ ሕዝቡን ከሚያሳስቱ ነገሮች ዋነኛው በካርቶኑ ላይ በጉልህ የሚጻፈው የዋት ቁጥር ነው። ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. በሚል ምሕፃር 1,000 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈባቸው ትንንሽ ስፒከሮች ይታያሉ። ዕቃው ተገልብጦ ከኋላው ያለው ጽሑፍ ሲነበብ ግን አዳፕተሩ 12 ቮልትና 2 አምፔር፣ ይኸውም ቢበዛ 24 ዋት ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ይገኛል። 24 ዋት የተቀበለ ዕቃ ሳያቋርጥ 1,000 ዋት ሊሰጥ እንደማይችል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። ለገዢው ግን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ይህም የሙያው ግዴታ ነው። ሊታይ የሚገባው አር.ኤም.ኤስ. ተብሎ የሚጻፈው ተከታታይ ኃይል ነው።

ከዚህም በላይ ለአንድ ጠረጴዛ ብዙ ዋት አያስፈልግም። መካከለኛ የሆነ ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 86 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ይህም ለረዥም ጊዜ ሊደመጥ ከሚገባው በላይ ነው። ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ በ20 ዋትና በ40 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ካርቶኑ እንደሚያስመስለው ሰፊ አይደለም።

በደጋው አገር ለሚኖር መሐንዲስ አንድ ተጨማሪ ነጥብ መጠቀስ ይገባዋል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ከ80 በመቶ በጥቂቱ ያንሳል። ሾጣጣው እኩል ቢመላለስም የሚፈጥረው የድምፅ ግፊት ከአየሩ ጥግግት ጋር ስለሚቀንስ፣ በአዲስ አበባ አንድ ስፒከር ከባሕር ወለል ይልቅ ወደ 2 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይሰማል። ስስ የሆነው አየር ሙቀትንም በደንብ ስለማያስወግድ አምፕሊፋየሩን በዳንቴል መሸፈን ወይም በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ማኖር ከቆላው ይልቅ በደጋው ይበልጥ ይጎዳዋል።

መ. አቀማመጥ

ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው አቀማመጥ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብለምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ባስመዘገበው ፓተንት ለስቴሪዮ ድምፅ መሠረት ሲጥል፣ የአሠራሩ ዓላማ ሁለት ስፒከሮች በአድማጩ ፊት አንድ የድምፅ ሥዕል እንዲፈጥሩ ነበር። ይህ ሥዕል የሚታየው ሁለቱ ስፒከሮችና የአድማጩ ራስ እኩል ጎኖች ያሉት ሦስት ማዕዘን ሲሠሩ ነው። በጠረጴዛ ላይ ጎኑ 1 ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። አንዱ ስፒከር በስክሪኑ አጠገብ፣ ሁለተኛው መሬት ላይ ወይም ከመጻሕፍት ኋላ ከተቀመጠ ግን ስቴሪዮ የሚባል ነገር የለም።

ትዊተሩ ከጆሮ ጋር ትክክል መሆን አለበት። ቀጭን ድምፅ እንደ ብርሃን ጨረር ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፣ ስፒከሩ ዝቅ ካለ የሚደርሰው ለደረት እንጂ ለጆሮ አይደለም። ከዚህም ጋር ከጠረጴዛው ገጽ ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ በቀጥታ ከሚመጣው ጋር እየተጋጨ የሰውን ድምፅ ያደበዝዛል። ስፒከሩን በጠንካራ መቆሚያ ላይ ከፍ ማድረግ፣ ወይም ግንባሩን ወደ ላይ ጥቂት ማዘንበል ሁለቱንም ችግር ያቃልላል።

ከግድግዳ ጋር ያለው ርቀትም ይመዘናል። ስፒከር ለግድግዳ ሲጠጋ ወፍራሙ ድምፅ እስከ 6 ዴሲቤል ያድጋል፤ ጥግ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሁለተኛው ግድግዳ ሌላ ይጨምርበታል። ከሩቅ ሲሰማ «ኃይለኛ» የሚመስለው ግን የሚያጉረመርመው ስፒከር ብዙውን ጊዜ ጥግ ውስጥ የተወሸቀ ነው። ሁለቱም ስፒከሮች ከጎን ግድግዳዎች እኩል ርቀው፣ ከኋላ ግድግዳም ጥቂት ተላቀው ቢቀመጡ ሚዛኑ ይስተካከላል።

በመጨረሻ የሽቦው አቅጣጫ መፈተሽ አለበት። የአንዱ ስፒከር አዎንታዊና አሉታዊ ሽቦ ከተገላበጠ፣ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ስለሚስበው ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ምርመራው ቀላል ነው። የአንድ ዜና አንባቢ ድምፅ ሲሰማ ተናጋሪው በሁለቱ ስፒከሮች መካከል የተቀመጠ መምሰል አለበት። ድምፁ የሚንሳፈፍና ቦታ ያጣ ከመሰለ የአንደኛውን ስፒከር ሽቦዎች ማዟዟር ብቻ ይበቃል።

ሠ. ክፍሉ

አሜሪካዊው ፊዚሲስት ዋላስ ክሌመንት ሳቢን እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ የንግግር አዳራሽ ለምን ንግግር እንደማይሰማበት መረመረ። ሌሊት ሌሊት የወንበር ትራስ ከሌላ አዳራሽ እያስመጣ ቁጥሩን ሲለዋውጥ፣ ድምፁ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ ይለካ ነበር። በዚህም የማስተጋባቱ ጊዜ ከክፍሉ ይዘት ጋር እንደሚያድግ፣ ድምፅን ከሚውጠው ነገር ብዛት ጋር ደግሞ እንደሚያንስ አረጋገጠ።

ይህ ሕግ በአንድ ተራ ክፍል ላይ ሊሞከር ይችላል። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.6 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ብሎኬትና ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ኮንክሪት የሆነ ባዶ ክፍል ይዘቱ 31.2 ሜትር ኩብ ነው። ገጾቹ የደረሰባቸውን ድምፅ 4 በመቶ ብቻ ይውጣሉ ቢባል፣ ድምፁ እስኪጠፋ 2 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በዚህ ክፍል ውስጥ አንዱ ቃል ሳይጠፋ ቀጣዩ ይደርሳል። ምንጣፍ ሲነጠፍ፣ ወፍራም መጋረጃ ሲሰቀል፣ ሶፋ ሲገባ ግን የሚዋጠው መጠን ወደ 10 ሜትር ካሬ ቢደርስ ጊዜው ወደ ግማሽ ሰከንድ ይወርዳል። ስለዚህ ባዶ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ውድ ስፒከር፣ ምንጣፍና መጋረጃ ባለበት ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ መካከለኛ ስፒከር ያነሰ ይሰማል። በአድማጩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ጥቂት ፈቀቅ ተደርጎ የተሰቀለ ቡልኮ፣ ወይም መጻሕፍት የሞሉበት መደርደሪያ ገበያ ከሚሸጠው ልዩ ዕቃ ጋር የሚወዳደር አገልግሎት ይሰጣል። በአንጻሩ በብዙዎች ዘንድ የሚታመንበት የእንቁላል ካርቶን ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ አይከለክልም።

ወፍራሙ ድምፅ ግን በመጋረጃ አይበገርም። የ50 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ ለእርሱ መጋረጃ እንደሌለ ይቆጠራል። ይህ ድምፅ በሁለት ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ቋሚ ሞገድ ይሠራል። ከላይ በተጠቀሰው ክፍል የመጀመሪያዎቹ ቋሚ ሞገዶች በርዝመቱ በ43፣ በስፋቱ በ57፣ በከፍታው በ66 ኸርዝ ይገኛሉ። በክፍሉ መካከል ላይ የተቀመጠ ሰው የ43ቱን ሞገድ ምንም አይሰማም፤ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠው ደግሞ ከልክ በላይ ይሰማዋል። መፍትሔው ወንበሩን ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች ማራቅ ነው። ክፍሉ አራት ማዕዘኑ እኩል፣ ለምሳሌ 3.5 በ3.5 ሜትር ከሆነ፣ ሁለቱ ሞገዶች በአንድ ላይ በ49 ኸርዝ ይደራረባሉ፤ ይህም ከኤሌክትሪኩ የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ጋር ስለሚገጣጠም ትንሹን እንከን ያጎላዋል።

ረ. የኤሌክትሪኩ አገናኘት

ጉርምርምታ በሚሰማበት ቤት ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ስፒከሩ ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተሩ በአንድ ሶኬት፣ አምፕሊፋየሩ በሌላ ሶኬት ሲሰኩ፣ የሁለቱ የመሬት ሽቦዎችና የድምፁ ገመድ ተያይዘው አንድ ቀለበት ይሠራሉ። በዚህ ቀለበት ውስጥ የሚዘዋወረው ትንሽ ኤሌክትሪክ በ50 ኸርዝና በተደራራቢዎቹ ይሰማል። የመጀመሪያው መፍትሔ ሁሉንም ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ማከፋፈያ ማገናኘት ነው። ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ከሆነ ቻርጀሩን ነቅሎ ማዳመጥ ምርመራውን ያቃልላል፤ ጉርምርምታው አብሮ ከጠፋ መንገዱ ታውቋል ማለት ነው። ኮምፒዩተሩና አምፕሊፋየሩ የሚፈቅዱ ከሆነ በብርሃን የሚያስተላልፍ ገመድ መጠቀም ቀለበቱን ፈጽሞ ይቆርጠዋል፤ ወይም ለድምፅ የተሠራ መለያ ትራንስፎርመር በመካከል ይገባል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ መከልከል አለበት። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ሲሉ የመሬት ሽቦውን የሚቆርጡ ወይም የሶኬቱን ሦስተኛ እግር የሚሰብሩ ሰዎች አሉ። ድምፁ ይጠራ ይሆናል፤ ነገር ግን በዕቃው ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ 220 ቮልት በብረቱ ገላ ላይ ይቆማል። ልጅ የሚነካው ያንን ብረት ነው። ለጠራ ድምፅ ተብሎ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ አይጣልም።

ጉርምርምታ ሳይሆን መዳፊቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚንጫጫ ድምፅ ከተሰማ፣ ምንጩ በኮምፒዩተሩ ሣጥን ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሁከት ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ የድምፅ ካርድ ድምፁን ከሣጥኑ ውጭ ስለሚለውጠው ብዙውን ጊዜ ይህንን ያስወግዳል። የድምፁ መጠን በኮምፒዩተሩ ላይ ወደ ሙሉው ተጠግቶ፣ የሚቀነሰው በአምፕሊፋየሩ ላይ ቢሆን ሁከቱ አብሮ ይቀንሳል። በብሉቱዝ የሚሠራ ስፒከር ገመድ ቢያስቀርም ድምፁን ከሥዕሉ ኋላ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያዘገየው ስለሚችል፣ ድምፅና ሥዕል መገጣጠም ለሚኖርበት ሥራ ገመድ ይመረጣል።

ስለ ገመድ ዋጋ የሚነገረውም በስሌት ሊመዘን ይገባዋል። ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ ለ5 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 0.12 ኦም ያህል ብቻ ይቃወማል፤ ይህም ከ4 ኦም ስፒከር ጋር ሲነጻጸር 3 በመቶ ነው። ስለዚህ በወርቅ የተለበጠ ልዩ ገመድ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ለምንጣፍ ቢውል ይሻላል። መብራት ሲጠፋም አምፕሊፋየሩን ወዲያው ማጥፋት ይበጃል፤ ኃይሉ ሲመለስ የሚፈጠረው ድንገተኛ ምት ሾጣጣውን ሊጎዳ ይችላልና።

ሰ. የካሴት ደብዳቤው ጉዳይ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ በብዙ ቤት ሊደርስ የሚችለውን አንድ ሁኔታ በምሳሌ መመልከት ያስረዳል። ፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ካሴት በኢትዮጵያ ሙዚቃ ማዳመጫ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ወደ ባሕር ማዶ ከሄደ ልጅ ጋር መጻፍ የማትችል እናት ትነጋገርበት ነበር። ደብዳቤው በድምፅ ተቀድቶ በመንገደኛ እጅ ይላክ ነበር። ዛሬ እነዚያ ካሴቶች እያረጁ ነው፤ ብዙዎቹ ተናጋሪዎችም በሕይወት የሉም።

አንድ ልጅ የእናቱን ካሴት በትንንሽ ስፒከሮች እያዳመጠ ወደ ኮምፒዩተር ይገለብጣል እንበል። ስፒከሮቹ ወፍራሙን ድምፅ ስለማያወጡ የካሴቱ ሽውታ ጎልቶ ይሰማዋል። ሽውታውን ለማጥፋት ከፍተኛውን ድግግሞሽ ይቆርጣል። ከሽውታው ጋር ግን የ«ሰ»ና የ«ሸ» ፉጨት፣ የ«ጸ»ና የ«ጠ» ፍንዳታ አብረው ይሄዳሉ፤ እነዚህ ድምፆች ጥራታቸውን የሚያገኙት ከዚያው ከከፍተኛው ድግግሞሽ ነውና። በአንጻሩ በካሴቱ ላይ የነበረውን የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ስፒከሩ ስለማያሰማው እንዳለ ይተወዋል። ሥራው ያማረ መስሎት ካሴቱን ይጥላል። ከዓመታት በኋላ ያው ቅጂ በደህና ስፒከር ሲሰማ፣ እናት በብርድ ልብስ ተሸፍና ከጉርምርምታ ሥር የምትናገር ትመስላለች። የተጣለው ካሴት ደግሞ አይመለስም።

እንግዲህ የሚገባው ሥርዓት የሚከተለው ነው። አስቀድሞ የማጫወቻው ሄድ በአልኮል ይጠረጋል። ከዚያ ድምፁ ምንም ሳይቆረጥ፣ ሳይጨመቅ፣ ቢያንስ በሲዲ መለኪያ ይቀዳል፤ ይህ ቅጂም እንዳለ በሁለት ቦታ ይቀመጣል። ማጥራት የሚሞከረው በሌላ ቅጂ ላይ፣ በትክክል በተቀመጡ ስፒከሮች ብቻ ነው። ክፍሉ የማይመች ከሆነ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ የክፍሉን ተጽዕኖ ፈጽሞ ስለሚያስቀር በመጠነኛ ዋጋ ይህንን አገልግሎት ይሰጣል። ዋናው ካሴት ግን በምንም ምክንያት አይጣልም።

ሸ. ጆሮን ስለ መጠበቅ

ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው ወፍራሙን ክፍል ነው። አድማጩ የጎደለውን ፍለጋ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ወፍራሙን የማታወጣ ስፒከርም እንደዚሁ ከፍ እንዲደረግ ትጋብዛለች፤ ከፍ ስትልም ትሰነጣጠቃለች፤ ጆሮም ይደክማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለሕፃናት ደግሞ በ75 ዴሲቤል እንዲወሰን ይመክራል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ስለሆነም በሚገባ የተቀመጠ ስፒከር በዝቅተኛ ድምፅ ሁሉን ስለሚያሰማ፣ ለጆሮም ለጎረቤትም ይበጃል።

ማጠቃለያ

ክቡራትና ክቡራን፤ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው የሥራ ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ ያለው ስፒከር በትክክል ይቀመጥ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም። ቀጥሎ ክፍሉ ይልበስ፤ ለዚህም የሚያስፈልገው በአብዛኛው ቤት ውስጥ አለ። ሦስተኛ የኤሌክትሪኩ አገናኘት ከነመሬት ሽቦው ይስተካከል። አራተኛ የሚደመጠው ፋይል ይመርመር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ድምፁ አሁንም የሚጎድለው ካለ፣ ያን ጊዜ አዲስ ስፒከር በአር.ኤም.ኤስ. ዋቱ፣ በሣጥኑ ጥንካሬና በራስ ጆሮ ተመዝኖ ይገዛ። ብዙው ሰው የሚጀምረው ከአምስተኛው ሲሆን፣ በዚያው ያቆማል። ገንዘቡ ይወጣል፤ ድምፁ ግን ያው ይሆናል።

ትልልቅ ግድብና ድልድይ የሚሠራ ሙያ በጠረጴዛ ላይ ስላለች ስፒከር መናገሩ ለአንዳንዱ ሰው እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሕዝቡ መሐንዲስን በየዕለቱ የሚያገኘው በግድቡ ላይ ሳይሆን በቤቱ፣ «ይኸ ዕቃ ደህና ነው ወይ?» ብሎ በሚጠይቅበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት በካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ደግሞ ከማንበብ ይልቅ ስፒከሩን ከጥግ አውጥቶ በትክክል የሚያስቀምጥ፣ የተቆረጠውን የመሬት ሽቦ የሚያስቀጥል፣ አሮጌው ካሴት እንዳይጣል የሚያስጠነቅቅ የሙያ ሰው ለዚያ ቤተሰብ እውነተኛ አገልግሎት ሰጥቷል።